ጠቅ ጠቅ ሲል የምትጽፍ መስሎን ነበር፦ ከባሕር ዳር አንድ የብሬል ሥልጠና ጉዳይ

ይህ ጉዳይ የሆነው ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እኔ የትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ። የድጋፍ ክፍሉ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው። የማንንም ስም አልጠቅስም። ሰዎቹን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችንም ትቻለሁ።

የምጽፈው ሥልጠናው ስላማረ አይደለም። መጀመሪያ ስለከሸፈ ነው። ሲከሽፍ ደግሞ ሁላችንም ሰርተፊኬት ይዘን ነበር።

ተማሪዋ

ልጅቷ ያኔ 7ኛ ክፍል ነበረች። የተወለደችው ጣና ሐይቅ ዳር፣ በዘጌ በኩል ነው። ሕፃን ሳለች ኩፍኝ ወጣባት። ነፍሷ ተረፈ፣ ዓይኗ ግን ጠፋ። ለትምህርት ብላ ከተማ ገባች፤ አክስቷ ጋ ትኖራለች። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል እኛው ግቢ ባለው ልዩ ክፍል ተማረች። ብሬል፣ ማለትም ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡትን የነጥብ ጽሕፈት፣ ማንበብና መጻፍ የቻለችው እዚያ ነው። 5ኛ ላይ ከሚያዩት ልጆች ጋር ተቀላቀለች።

አካቶ ትምህርት ወረቀት ላይ ሲነበብ ያምራል። መሬት ላይ ግን እንዲህ ነበር፦ ልጅቷ ብሬል ታውቃለች፣ የሚያስተምሯት 6 መምህራን አያውቁም። መምህሩ ኖት ያስጽፋል። እሷ ወፍራሙን ወረቀት ስሌቱ (የብሬል መጻፊያ ሰሌዳው) ውስጥ አስገብታ በስታይለስ፣ በሹሏ መውጊያ፣ እየወጋች ትጽፋለች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ድምፁ እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል። ደብተር የሚታረም ቀን የሌሎቹ ይሰበሰባል፣ የእሷ ይታለፋል። ፈተና ሲደርስ አንድ መምህር ኮሪደር ላይ ወንበር አውጥቶ ጥያቄውን ያነብላታል። እሷ በቃሏ ትመልሳለች፤ እሱ መልሱን ወረቀቱ ላይ ያከብብላታል።

ውጤቷ መጥፎ አልነበረም። መሃል ላይ ነበረች። የሸወደንም ይኸው ነው። ጎጃም ውስጥ በቃል መማር ትልቅ ክብር አለው። በቅኔ ቤቱም በዜማ ቤቱም ዓይናቸው የማያይ ሊቃውንት እንግዳ አይደሉም፤ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይወጡታል። እናቷ ሊጠይቋት ሲመጡ "የእኔ ልጅ ጭንቅላቷ ደብተር ነው" ይሉን ነበር። እኛም በኩራት ራሳችንን እንነቀንቃለን። እውነተኛውን ደብተሯን ከፍቶ ያየ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

የነሐሴው ሥልጠና

ክረምት ላይ፣ በነሐሴ፣ ከተማ ውስጥ የ5 ቀን የብሬል ሥልጠና ተዘጋጀ። ከየትምህርት ቤቱ መምህራን ተጠሩ። ከእኛ 4 ሄድን። እኔ ብሬል ኮሌጅ ውስጥ ተምሬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ዝጎብኛል። ሌሎቹ ሦስቱ ጨርሶ አያውቁም።

አዳራሹ ጥሩ ነበር። ሻይ ቡናውም በሰዓቱ፣ አበሉም በሰዓቱ። ትምህርቱ ላይ ግን ሦስት ነገር ተበላሸ።

ነጥቦቹ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ይታያሉ። ጥቁር ክብ በነጭ ላይ። ለዓይን ግልጽ ነው። የተማሪ ወረቀት ላይ ግን ጥቁር ክብ የለም። እብጠቱም ነጭ፣ ወረቀቱም ነጭ ነው። በ5 ቀን ውስጥ አንድም ልጅ የጻፈችው ወረቀት አላየንም።

ከዚያ አሠልጣኙ የፊደል ገበታውን ከ"ሀ" እስከ "ፐ"፣ 231ዱን ፊደል ከነነጥቡ፣ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ አድርጎ አደለን። በቃላችሁ ያዙ አለ። የሰው ፊት ጠቆረ። አጠገቤ የነበረ የሒሳብ መምህር "ይሄን ከምይዝ ቻይንኛ ብማር ይሻለኛል" አለኝ።

ሦስተኛው ደግሞ ሁለት ሙሉ ቀን ዓይናችንን በሻርፕ ታስረን በጣታችን እንድናነብ መደረጉ ነው። ስሜቱን መቅመስ አይከፋም፤ ለአንድ ሰዓት። ከዚያ በላይ ግን ጊዜ ማባከን ነው። የሚያይ መምህር የተማሪውን ብሬል በዓይኑ ቢያነብ ምንም ነውር የለበትም። ጣት ነጥብ ለይቶ እስኪያነብ ብዙ ወራት ይፈጃል። እኛ ደግሞ የነበረን 5 ቀን ነው።

በመጨረሻው ቀን ሰርተፊኬት ተሰጠ። ፎቶ ተነሣን።

ደብተሩ ሲከፈት

ኅዳር ላይ የልጅቷን አንድ ገጽ የቤት ሥራ ይዤ ሦስቱ መምህራን ጋ ሄድሁ። እስቲ አንብቡልኝ አልኋቸው። ከመጀመሪያው መስመር ሁለት ቃል ያለፈ አልነበረም። አንደኛው ሠንጠረዡን ፍለጋ መሳቢያውን ከፈተ፤ አጣው።

አፍሬ የቀረውን ደብተሯን ራሴ ማንበብ ጀመርሁ። እኔም ቀስ እያልሁ ነው። የኅብረተሰብ ትምህርቱ ደብተር የመጀመሪያ 2 ገጾች ደህና ናቸው። ስለ ኢትዮጵያ ሐይቆች ይላል። ጣና ትልቁ መሆኑን፣ ዓባይ ከእሱ መውጣቱን ጽፋለች። ከ3ኛው ገጽ ጀምሮ ቃል የለም። አንድ ዓይነት ነጥብ ብቻ ነው፤ መስመር ሙሉ፣ ገጽ ሙሉ። እስክሪብቶ የያዘ ልጅ ሲሰለቸው ደብተሩን በጭረት እንደሚሞላው። ቆጠርኋቸው፤ 11 ገጽ።

ጠራኋት። አልተቆጣሁም። ምን እንደሆነ ብቻ ጠየቅኋት።

"ቲቸር ይፈጥናሉ፤ አልደርስባቸውም። እጄን ካቆምሁ ደግሞ 'ለምን አትጽፊም' ይሉኛል። ስለዚህ ዝም ብዬ እወጋለሁ።" ትንሽ ቆየችና "የሚያነበው የለም ብዬ ነው" አለች።

የኅብረተሰብ መምህሩ ሲሰማ ደነገጠ። "በየቀኑ ድምፁን እሰማው ነበር እኮ!" አለኝ። ሁላችንም እንሰማው ነበር። ጠቅ ጠቅ ካለ እየጻፈች ነው ብለን ተቀምጠናል።

አሠልጣኙ እዚያው ግቢ ነበሩ

ትምህርት ቤታችን አንድ ዓይነ ስውር መምህር አሉ። ሥነ ዜጋ ያስተምራሉ። ብሬል ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው ያደገ ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ለዓመታት ጋሼን የምንፈልጋቸው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። የዓይነ ስውር ተማሪ ወረቀት ሲመጣ "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልን" ለማለት። የነሐሴው ሥልጠና ላይ እንኳ አልተጠሩም። ዝርዝሩን ያወጣው ሰው "እሳቸው ያውቁታል፣ ምን ያደርግላቸዋል?" ብሎ ነው አሉ።

ቢሯቸው ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ስለ 11ዱ ገጽ ስነግራቸው አልገረማቸውም። "እኔም በእሷ ዕድሜ አድርጌዋለሁ" አሉ። አሠልጥኑን ስላቸው ግን ሳቁ። "እስከ ዛሬ አስተርጓሚ ነው ያደረጋችሁኝ። አስተማሪ ሁን ያለኝ ሰው የለም።"

ነገሩ የቆየ በሽታ ነው። ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1809 ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደ። በ3 ዓመቱ የአባቱ ቆዳ ቤት ውስጥ በመውጊያ ዓይኑን ወጋ፤ ቁስሉ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጠፋበት። የነጥቡን አጻጻፍ መልክ ያስያዘው በ15 ዓመቱ ነው። በ1829 አሳተመው። በኋላም በተማረበት የፓሪስ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ግን ብሬልን በይፋ የተቀበለው በ1854፣ እሱ ከሞተ ከ2 ዓመት በኋላ ነው። የሚያዩት አለቆች ይመርጡ የነበረው የተለመደውን ፊደል ወረቀት ላይ አሳብጦ ማተም ነበር። ለእነሱ ዓይን ይቀላላ! ጋሼ ይህን ታሪክ በመጀመሪያው ቀን ሲነግሩን ማንም ምንም አላለም።

ምን አደረግን

ታኅሣሥ ላይ እንደገና ጀመርን። የተጠሩት እሷን የሚያስተምሩት 6 መምህራን ብቻ ናቸው። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ይምጣ አላልንም። በሳምንት 3 ቀን፣ በፈረቃ መለዋወጫ፣ 30 ደቂቃ። አበል የለም። ቡና ግን አለ። ቡናውን የልጅቷ እናት ከዘጌ ልከውልን ነበር፤ ይህን ስጽፍ ትንሽ ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ለልጃቸው መማር ከፋዩ እሳቸው ሆኑ ማለት ነው።

ጋሼ በመጀመሪያው ቀን "ያን 231 ተዉት" አሉ። የብሬል አማርኛ ፊደልን ፈትቶ ነው የሚጽፈው። ተነባቢው ለብቻው ይቀመጣል፤ አናባቢው ተከትሎት ይመጣል። ሳድስ ከሆነ ተነባቢው ብቻውን ይቆማል። "ሰላም" በፊደል 3 ነው። በብሬል 5 ይሆናል፦ ስ፣ የግዕዝ ምልክት፣ ል፣ የራብዕ ምልክት፣ ም። እያንዳንዱ የብሬል ምልክት የሚሠራው ቁጥር ከተሰጣቸው ስድስት ነጥቦች ነው፤ ራብዕ ነጥብ 1 ብቻዋን ናት። ካዕብ 1፣ 3፣ 6 ነው። እነዚህን 6 የአናባቢ ምልክቶች የያዘ ሰው ተነባቢዎቹን ብቻ ነው የሚጨምረው። እነሱም ሠላሳ ገደማ ናቸው። ቻይንኛ ይሻለኛል ያለው የሒሳብ መምህር እዚህ ላይ ነቃ። "ታዲያ ይሄ ማውጣት ነው እኮ! የጋራውን አውጥተህ ቀሪውን ማባዛት!" አለ። ከዚያ ቀን በኋላ አልቀረም።

ስድስቱን ነጥቦች ያሳየናቸው በእንቁላል ካርቶን ነው። 30 እንቁላል ከሚይዘው ላይ 2 በ3 ቆርጠን ጉድጓዶቹን ቁጥር ሰጠናቸው። ግራው ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፤ ቀኙ 4፣ 5፣ 6። ውስጡ ሎሚ እያስገቡ ፊደል መሥራት። ከስድስቱ ነጥቦች 63 ዓይነት ቅርጽ ይወጣል። መምህራን እንደ ገበጣ ይጫወቱበት ነበር፤ ቡናው እስኪፈላ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያነባል።

ጋሼ ሊያስተምሩን የማይችሉት አንድ ነገር ነበር። ነጭ እብጠትን ነጭ ወረቀት ላይ በዓይን ማየት እሳቸው አያስፈልጋቸውም። ይህን ያገኘችው የአማርኛ መምህርቷ ናት። ወረቀቱን ቤቷ ወስዳ ጠዋት መስኮት አጠገብ ስታስቀምጠው ነጥቦቹ ብቅ አሉ። ብርሃኑ ከጎን ስለመጣ እያንዳንዱ ነጥብ ጥላ ጣለ። ከላይ የሚመጣ ብርሃን ጥላውን ያጠፋዋል። የእኛ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ቀትር ላይ ነው። መፍትሔው የስልክ ባትሪ ሆነ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ከወረቀቱ ጎን ማብራት። የነሐሴው ፕሮጀክተር ያልሰጠንን ይህች ሰጠችን።

ሥራው አንድ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ መምህር በሳምንት የልጅቷን አንድ ገጽ ያነባል። ከነጥቡ በላይ ያነበበውን በእርሳስ ይጽፋል። ያልገባውን ክፍት ይተዋል። ዓርብ ጋሼ ወረቀቱን በጣታቸው እያነበቡ እኛ የጻፍነውን ጮክ ብለን እናነብላቸዋለን። ስህተቱ እዚያው ይወጣል።

የእንግሊዝኛ መምህሩ ነገር አስቂኝም አሳዛኝም ነው። ልጅቷ እንግሊዝኛ የምትጽፈው በአሕጽሮት ነው። "ኤንድ" የሚለውን ቃል በአንድ ቅርጽ ትጨርሰዋለች፤ ነጥብ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6። እሱ ፊደል በፊደል እያነበበ "ቃላት ትዘላለች" ብሎ ገጹን በቀይ ሞላው። ጋሼ ሲያዩት ትክክለኛዋ እሷ ሆነች። ይቅርታ ጠየቃት። እሷ "ምንም አይደል ቲቸር፣ ቢያንስ አንብበውታል" አለችው።

የካቲት ላይ መልስ መጻፍ ጀመርን። ቢያንስ አንድ መስመር፣ በብሬል። እዚህ ላይ ስሌቱ ሰውን አንገላታ። በስሌት ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። የሚወጋው ከወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ፣ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደልም ተገልብጦ መወጋት አለበት። የአማርኛ መምህርቷ ከልጅቷ ጽሑፍ ሥር "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብላ ልትጽፍ ተነሣች። አቅጣጫውን ጠብቃለች፤ ፊደሉን መገልበጡን ግን ረሳች። "ድ" 1፣ 4፣ 5 ነው፤ ሳይገለበጥ ሲወጋ 1፣ 2፣ 4፣ ማለትም "ፍ" ሆኖ ይነበባል። "ር" ደግሞ "ው" ይሆናል። ልጅቷ ጣቷን አስኪዳ "ፍው?" አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ የሚሳሳት መምህር ሁሉ "ፍው አልህ" ይባላል።

ግንቦት ላይ ምን ነበር

ከ6ቱ መምህራን 3ቱ አንድ ገጽ አማርኛ ያለ ረዳት ማንበብ ቻሉ። ፈጣን አይደሉም። ከሁሉም የተሻለችው የአማርኛ መምህርቷ አንድ ገጽ በሩብ ሰዓት ገደማ ትጨርሳለች። የሒሳብ መምህሩ ከቁጥርና ከጥቂት ፊደል አላለፈም። ግን ቁጥሩ ብቻውን ሠራ። የቁጥር ምልክቷ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ናት፤ ከእሷ በኋላ ነጥብ 1 "አንድ"፣ ነጥብ 1 እና 2 "ሁለት" እያለ ይሄዳል። አሥር ምልክት ነው። የልጅቷን የሒሳብ ሥራ ደረጃ በደረጃ ማየት ስለቻለ፣ የምትሳሳተው ሲደመር ሳይሆን ሲበደር እንደሆነ አወቀ። በቃል ፈተና ይህ በጭራሽ አይታይም።

የኅብረተሰብ መምህሩ ማስጻፉን ቀነሰ። ማኒላ ወረቀት ላይ በሲባጎ የጣናን ዙሪያ ለጥፎ፣ ደሴቶቹን በሽምብራ ሠርቶ አመጣላት። ደቅን ከሌሎቹ ትልቅ አደረጋት። ዓባይ የሚወጣበት ቦታ ላይ ሲባጎው ወደ ደቡብ ይሄዳል። ልጅቷ ዘጌን በጣቷ ፈልጋ ስታገኝ "ደሴት አይደለችም እንዴ?" አለች። በጀልባ ስለምትመጣ እስከዚያ ቀን ደሴት ይመስላት ነበር።

ደብተሯ ውስጥ ዝም ብሎ ነጥብ ብቻ የተወጋበት ገጽ ከጥር በኋላ አላገኘሁም። ያልደረሰችበት ቦታ ላይ አሁን "አልደረስሁም" ብላ ትጽፋለች።

ያልተሳካው

ሁለት መምህራን አቋረጡ። አንዱ ግልጽ ተናገረ፤ በዚያ ሰዓት ቱቶር ይሠራል፣ ቤቱን የሚደጉመው በእሱ ነው። አልፈርድበትም። ሌላዋ ወሊድ ወጣች፤ የተካት ሰው አልመጣም።

ትልቁ ስህተት የእኔ ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ ፐርኪንስ የብሬል መጻፊያ ማሽን አለው። 6 ቁልፍ ለ6 ነጥብ ነው፤ እንደሚነበበው ይጽፋል፣ ግልበጣ የለውም። ለመምህራን ይቀልላቸዋል ብዬ ለ2 ሳምንት ወደ ሥልጠናው ወሰድሁት። ልጆቹ የሚጠቀሙበት ሰዓት እሱ መሆኑን አላሰብሁም። ልጅቷና አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ መጥተው "ቲቸር፣ መምህራን ዓይን አላቸው፣ እኛ ምን አለን?" አሉኝ። በነጋታው መለስሁት። ስመልሰውም አንዱ ቁልፍ እየያዘ ነበር፤ የጽሕፈት መኪና የሚጠግን ሰው እስክናገኝ ሌላ ሳምንት ሄደ።

ወረቀትም አለቀብን። የብሬል ወረቀት ውድ ነው፤ ያለውም ጥቂት ነው። መምህራን የሚለማመዱት ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ ነበር። ለልምምድ በቂ ነው።

መጋዘን ውስጥ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አገኘን። የነበሩን የብሬል መጻሕፍት ተጋድመው፣ በላያቸው የጠመኔ ካርቶን ተጭኖባቸው ከርመዋል። ነጥባቸው ተደፍጥጧል። የብሬል መጽሐፍ ቁሞ ነው የሚቀመጠው። ይህን ለንብረት ክፍሉ የነገረ ሰው የለም፤ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

ለሌላ ትምህርት ቤት የሚሆን

ይህን የሚያነብ የትምህርት ቤት ሰው ካለ፣ ሥልጠና ከመጥራቱ በፊት የዓይነ ስውር ተማሪውን ደብተር ከፍቶ እንዲያይ እለምነዋለሁ። ማንበብ ባይችል የሚያነብ ሰው ይዞ። የእኛ ሥልጠና አቅጣጫ የያዘው ከ11ዱ ገጽ በኋላ ነው። ያንን ባናይ ኖሮ ሁለተኛ የ5 ቀን ሥልጠና እንጠይቅ ነበር።

ብሬል የሚኖርበት ሰው አሠልጣኝ ይሁን። ብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ዓይነ ስውራን መምህራን አሉ። ጎናቸው ግን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ የብርሃኑን ነገር ጋሼ አያገኙትም ነበር። ደግሞም ይከፈላቸው። እኛ ለጋሼ 5 ወር ሙሉ ምንም አልከፈልናቸውም። ለነሐሴው እንግዳ አሠልጣኝ ግን ተከፍሏል።

የሚያይ መምህር በዓይኑ ያንብብ። አማርኛው በተነባቢና በአናባቢ ይጀመር። ለሒሳብ መምህር ቁጥሩ ብቻ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃዋል፤ ሁሉን ካልያዝህ አትምጣ ማለት ማባረር ነው። ሠላሳ ደቂቃ በሳምንት 3 ጊዜ ከ5 ቀን አዳራሽ ይሻላል። ይህን የምለው በአንድ ትምህርት ቤት፣ በ6 ሰው አይቼ ነው፤ የሌላው ቦታ ፈረቃና ጫና ይለያል።

አሁን

ልጅቷ 8ኛ ክፍል ገብታለች። የአማርኛ መምህርቷ አሁንም አብራት ናት። የጣናው ካርታ ድጋፍ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሁለት ሽምብራ ወድቋል።

የኅብረተሰብ መምህሩ በመስከረም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። በምትኩ የመጣችው መምህርት አንድ ነጥብ አታውቅም። ሰኞ ጋሼ ጋ ወስጄ አስተዋወቅኋት። የእንቁላል ካርቶኑን ከመደርደሪያ አወረድን፤ አንዱን ጉድጓድ አይጥ በልቶታል፣ ሌላ መቁረጥ አለብን። ነገ በ6 ሰዓት ከሩብ ትጀምራለች።